የሻምበል ስኳር

ናሆም በየጠዋቱ ከቁርሱ በፊት የድመቱን ጆሮ ያሞቃል። ፎጣ በሙቅ ውኃ ነክሮ ይጨምቅና የሻምበልን ግራ ጆሮ ሁለት ደቂቃ ያህል ይሸፍንበታል፤ ሻምበልም ጢሙን ሊላጭ ፀጉር ቤት እንደተቀመጠ ሹም ዓይኑን ጨፍኖ ይጠብቃል። ከዚያ የጆሮው ጠርዝ በመርፌ ጫፍ ነካ ይደረጋል። የጎመን ዘር የምታክል የደም ጠብታ ብቅ ስትል ናሆም የስኳር መለኪያውን ስትሪፕ አስጠግቶ አምስት ሰከንድ ይቆጥራል። መለኪያው ሟች ሚስቱ ቤዛዊት ትጠቀምበት የነበረ አሮጌ ዕቃ ነው፤ ቁጥሩን ያሳያል እንጂ ለማንም ወሬ አያቀብልም። 212 ይላል። ናሆም ግድግዳው ላይ በተሰቀለው የቀን መቁጠሪያ ላይ በእርሳስ ይጽፈዋል፣ የሻምበልን ጀርባ ቆንጠጥ አድርጎ ሁለት ዩኒት ኢንሱሊን ይወጋዋል፣ ለሕመሙ ካሣ ደግሞ አንዲት ቁራጭ የተቀቀለ ዶሮ ያጎርሰዋል። ማታ አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ይኸው ሥርዓት ይደገማል።

ዘመኑ 2069 ዓ.ም. ነው። ከተማው ደብረ ብርሃን፣ ቤቱ ከሃያ ሁለቱ ፎቅ አሥራ አንደኛው ላይ። አሳንሰሩ ነዋሪውን በስሙ ይጠራል፣ በሩ እንግዳ ገና ኮሪደሩ ላይ ሳለ ማን እንደመጣ ይናገራል፤ ብርዱ ግን ያው የጥንቱ ብርድ ነው፤ እሱን የሚያሻሽል ማሽን ገና አልተሠራም። ናሆም ስልሳ ስምንት ዓመቱ ነው። ጡረታ እስኪወጣ የውኃ ቆጣሪ አንባቢ ነበር፤ የሰው ግቢ እየገባ፣ ከውሻ ጋር እየተሯሯጠ ቁጥር ሲለቅም ኖሯል። ቆጣሪዎቹ ራሳቸውን ማንበብ ሲጀምሩ እሱን አሰናበቱት። እስከ ዛሬም ቢሆን በራሱ ዓይን ያላየውን ቁጥር አያምንም።

ስልሳ ዓመት የሞላው ሰው ሁሉ ክንዱ ላይ ልጥፍ ይለጠፍለታል። የአውራ ጣት ጥፍር የምታክል ነገር ናት። የደም ስኳርን፣ የልብ ምትን፣ የሰውነት ሙቀትንና እንቅልፍን እያነበበች ለክትትል ቢሮ ትልካለች፤ መድኃኒት ካስፈለገ ቢሮው በየቤቱ በር አጠገብ ባለው ሣጥን ያወርዳል። ባለ ልጥፉ ግን የራሱን ቁጥር አያይም። ሕጉን ያረቀቁት ሰዎች አገራቸውን ጠንቅቀው ያውቁ ነበር፤ በዚህ አገር ክፉ ወሬ መጀመሪያ የሚነገረው ለባለቤቱ አይደለም። ስለዚህ አንድ ሰው ቀኑ እያለቀ መሆኑን ማሽኑ ሲተነብይ ትንበያው ለሦስት ቅርብ ሰዎች ይላካል፤ አንድ ከዘመድ፣ አንድ ከእድር፣ አንድ ከወዳጅ። መቼና እንዴት እንደሚነገረው እነሱ ያውቃሉ፣ ይላል ደንቡ። በዚያ ዘመን ከወጡት ደንቦች ሁሉ ሕዝቡ ሳያጉረመርም የተቀበለው ይኼን ብቻ ነው።

የናሆም ልጥፍ ግን ያለው ሻምበል ማጅራት ላይ ነው። ከአራት ወር በፊት ሻምበል ውኃ አልጠግብ ብሎ መክሳት ሲጀምር የእንስሳት ሐኪሟ ስኳር እንዳለበት ነገረችው። ለቤት እንስሳ ኢንሱሊን መስጠት ከተከለከለ ዘጠኝ ዓመት እንዳለፈው፣ እንዲህ ያለው ድመት «በክብር እንደሚሸኝ» አስረዳችና ቀን የተቆረጠበት ወረቀት ሰጠችው። ናሆም ቤቱ ሲደርስ ወረቀቱን ቀደደው። የክንዱን ልጥፍ በሞቀ ዘይት አላቀቀ፣ የሻምበልን ማጅራት ሳንቲም በምታክል ክብ ላጨ፣ እዚያ ለጠፋት፤ በዙሪያዋ ያለው ረጅም ፀጉርም ይሸፍናታል። በሳምንቱ ሣጥኑ በናሆም ስም ኢንሱሊን አወረደ። ልጥፏ ደም ታነባለች እንጂ የማን ደም እንደሆነ የሚጠይቃት የለም። ይህን የሚያውቅ ሰው በሕንፃው ውስጥ አልነበረም፤ ቢታወቅ ሻምበልን በማግስቱ ይወስዱታል። ቤዛዊት ከሞተች ወዲህ በዚያ ቤት ውስጥ የሚተነፍሱት እሱና ይህ ግራጫ ድመት ብቻ ናቸው፤ ናሆም በዚህ ጉዳይ ከሕግ ጋር ለመወያየት ፈቃደኛ አልነበረም።

ነገሩ የጀመረው በጥቅምት ነው። የእድሩ ሊቀመንበር ሄርሜላ ከእሱ በላይ አሥራ ሁለተኛው ፎቅ ላይ ትኖራለች፤ ከበረንዳዋ ልብሱ ላይ በሚንጠባጠብ ውኃ የተነሣ ስድስት ዓመት ተኳርፈዋል። አንድ ቅዳሜ በሩን አንኳኩታ ገባች፣ ሳይጋብዛት ተቀመጠች፣ ጥፋቱ የእሷ እንደነበረ ተናዘዘች፣ ይቅር ለእግዜር እንዲላትም ለመነችው። ናሆም ከመደንገጡ የተነሣ ጥፋቱ የእሱም እንደነበረ ሊናገር ቃጣው፤ ግን አልነበረምና ተወው።

በሳምንቱ ኢዮስያስ በዳማ ተሸነፈ። ኢዮስያስ ጡረታ የወጣ ሾፌር ነው፤ ከናሆም ጋር ሠላሳ ዓመት ዳማ ሲጫወት አንድ ጊዜ እንኳ ያለ ክርክር ተሸንፎ አያውቅም። ያን ቀን ሦስት ጨዋታ በተከታታይ ጠጠሮቹን በፈቃዱ እያስበላ ተሸነፈ፤ ከዚያም የናሆምን እጅ ይዞ ጎበዝ ሰው እንደሆነ ነገረውና ፊቱን ወደ መስኮቱ አዞረ። ናሆም ጓደኛው የሆነ ነገር የጠጣ መሰለው።

ከዚያ በኋላ ሕንፃው በሙሉ ደግ ሆነ። ከሦስተኛው ፎቅ የበግ ሾርባ መጣ፣ ከዘጠነኛው ብርቱካን፣ ከአሥራ ስምንተኛው ስሟን እንኳ የማያውቃት ሴት ክሬም ኬክ ይዛ መጣች። የሚመጣው ሁሉ ድምፁን ዝቅ ያደርጋል፣ ትራስ ያስተካክላል፣ ሲወጣ በር ላይ ዘወር ብሎ አንድ ጊዜ ደግሞ ያየዋል። ናሆም መጀመሪያ ጠረጠረ፣ ኋላ ለመደው፣ በመጨረሻ ወደደው። ለካ ሰው ይወደኛል አለ ለሻምበል፤ ለካ እስከ ዛሬ ያፈሩት ነገር ነበር። አንድ ቀን የእድሩ ድንኳን ግቢው ውስጥ ተዘርግቶ ፀሐይ ሲመታ አየና ወረደ። ማን ሊሞት ነው ብሎ ቀለደ። የቆሙት ሰዎች ሁሉ ጫማቸውን ማየት ጀመሩ። ናሆም የቀልዱ ጨው ማነስ ይሆናል ብሎ ወስፌ ተቀበለና በድንኳኑ ጣሪያ ላይ የነበረውን ቀዳዳ በገዛ እጁ ሰፋው።

ያልወደደው አንድ ነገር ቢኖር የሻምበል ቁጥር ነው። 288 ሆነ፣ በሦስተኛው ቀን 345፣ በሳምንቱ 431። ኢንሱሊኑ ተበላሽቶ ይሆናል ብሎ አዲስ ከፈተ፤ ስትሪፑ አርጅቶ ይሆናል ብሎ ደግሞ ለካ፤ ያው ነው። ሻምበል ውኃ ሳህኑ ላይ ተደፍቶ ይውላል፣ የኋላ እግሮቹም እየዛሉ ሄዱ፤ ሶፋው ላይ ለመውጣት ሁለት ጊዜ ይሞክራል። ናሆም ፈራ። በመጨረሻ አንድ ከሰዓት በኋላ የሻምበል ጢም ላይ ነጭ ክሬም አገኘ። ድመት መንኩሳ አመሏን አትረሳ ብሎ ሊቆጣው ሲል ጥፋቱ የድመቱ ብቻ እንዳልሆነ አየ። የአሥራ ስምንተኛዋ ሴት ኬኳን ቆርሳ በጠረጴዛው ሥር እያጎረሰችው፣ አንተስ የማን ትሆን ይሆን እያለች ታንሾካሹክ ነበር። ሌሎቹም እንደዚያው ሲያደርጉ ኖረዋል። ናሆም የድመቱ ሆድ ቶሎ ይታወካል፣ ጣፋጭ አይስማማውም ብሎ ለመናቸው፤ እነሱም እሺ እያሉ፣ ዞር ሲል ያጎርሱት ነበር።

የማያውቀው ነገር ቢሮው ዘንድ ያለው መዝገብ ነው። በዚያ መዝገብ ናሆም የሚባለው ሰው ልቡ በደቂቃ መቶ ሰማንያ ይመታል፤ ሙቀቱ ከሠላሳ ስምንት ተኩል ወርዶ አያውቅም፤ በቀን አሥራ ስድስት ሰዓት ይተኛል፤ መጋረጃ ላይ የሚወጣ ድመት መኖሩን ማሽኑ ስለማያውቅ ደግሞ በየንጋቱ ለጥቂት ሰከንዶች ይፈራገጣል። በጥቅምት አጋማሽ ማሽኑ ሠላሳ አንድ ቀን ሰጠው። ትንበያው የደረሳቸው ሦስቱ ሰዎች ለማንም አንናገር ተባባሉ፤ በሦስተኛው ቀን ሕንፃው ሁሉ ሰማ፤ ሕንፃው ኬክ ይዞ መጣ፤ ኬኩ ሻምበል ሆድ ገባ፤ ትንበያው ወደ አሥራ አራት ቀን ወረደ፤ አሥራ አራቱን የሰማ ደግሞ ተጨማሪ ኬክ ይዞ መጣ።

ከሦስቱ አንዷ ልጁ ሶልያና ነበረች። በኅዳር መጀመሪያ ከሠመራ መጣች፤ ለሥራ በዚህ በኩል ሳልፍ ነው አለች፣ ሁለት ትልልቅ ሻንጣ ይዛ። ሠላሳ ስድስት ዓመቷ ነው፣ የጨው ፋብሪካ መሐንዲስ ናት፣ የአባቷን ደጃፍ ከረገጠች ሦስት ዓመት ሆኗታል። እናቷ በታመመች ጊዜ ትንበያው የደረሳቸው ናሆም፣ ሄርሜላና ኢዮስያስ ነበሩ። ኩርፊያው ለጊዜው ተረስቶ ሦስቱም ተማክረው ላለመናገር ወሰኑ፤ ለሶልያናም ትንሽ አሟታል ብቻ አሏት። ቤዛዊት ምንም ሳይነገራት በገዛ አልጋዋ ላይ አረፈች። ሶልያና የደረሰችው ከቀብር በኋላ ነው። እናቴ ልትሰናበተኝ መብት ነበራት፣ እናንተ ቀማችኋት ብላ ሄደች፤ ከዚያ ወዲህ ድምፅዋ በስልክ ይመጣል እንጂ እሷ አልመጣችም።

አሁን በሩ ላይ አቅፋው ቶሎ አልለቀቀችውም። ናሆም ለምን መጣሽ ብሎ መጠየቅ የመጣን ሰው መግፋት መስሎ ታየውና ሻንጣዎቹን አስገባ። እንደዚያ ሳምንት ደስ ብሎት አያውቅም። አብረው በሉ፣ ቴሌቪዥን እያዩ ተከራከሩ፣ የልጅነት ፎቶዎቿን አወጡ። ድመቱን ግን መታጠቢያ ቤት ቆልፎ፣ ቧንቧ ከፍቶ፣ እየተደበቀ ይለካው ነበር። ሶልያና የቀን መቁጠሪያው ላይ የተጻፉትን ቁጥሮች አይታ ምን እንደሆኑ ስትጠይቀው የውኃ ቆጣሪ ንባብ ነው አላት። ውኃ ቆጣሪ ከ431 ወደ 390 እንደማይወርድ ሁለቱም ያውቃሉ። ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ ሆነና ወሬ ቀየሩ።

እሷ ግን በዚያው ቀን ወደ ሄርሜላ ወጥታ አለቀሰች። አባቴ በሽታውን ያውቃል፤ ተደብቆ የራሱን ስኳር እየለካ እኛን እያጽናና ነው አለቻት። የእናቷ ነገር እንደማይደገም፣ ይህ ሰው ሊነገረው እንደሚገባ፣ ከተነገረው በኋላም ሐኪሞች ወዳሉበት የእፎይታ ማረፊያ እንደሚሄድ ቁርጡን ተናገረች። ሄርሜላና ኢዮስያስ ተለማመጧት። ልጁ ናትና ተሸነፉ። ትንበያው ስድስት ቀን ገብቷል። ሶልያና ለማረፊያው ቤት ስልክ ደውላ መኪና ለሐሙስ ጠዋት ሦስት ሰዓት ቀጠረች።

ሐሙስ ከንጋቱ አሥራ አንድ ሰዓት ተኩል ላይ በሩ «እንግዶች» አለ። ናሆም አልጋው ላይ እንዳለ የእግር ኮቴ ሰማ። ብዙ ሰው ነው፣ ቀስ ብሎ የሚራመድ፣ አንድም የሚያስል የሌለበት። ያን ኮቴ ያውቀዋል። እሱ ራሱ በእድሩ ስም ስንት ቤት መርዶ አርድቷል፤ ማን ከፊት እንደሚገባ፣ ውኃው በማን እጅ እንደሚያዝ፣ ሰውየው ቢወድቅ ደግፎ የሚይዘው የት እንደሚቆም ያውቃል። ጃኬቱን ደርቦ ወደ ሳሎን ወጣ። ሄርሜላና ስምንት የሚሆኑ ጎረቤቶች ተቀምጠዋል። ሶልያና ጆግ ይዛ ግድግዳውን ተደግፋለች። ኢዮስያስ ማንም ሳይነግረው ከናሆም ወንበር ኋላ ቆሟል።

ናሆም ወንበሩ ላይ ተቀመጠ። ማን ሞተ? ልጁ ፊቱ ቆማለች። እህቱን ትናንት ማታ በስልክ አናግሯታል፤ ስለ ሪህዋ ግማሽ ሰዓት ስታወራው ነበር። ወንድሙ ከሞተ ቆይቷል። ሌላ ማን አለው? አንድ በአንድ እየቆጠረ ዘመዱን ጨረሰ። ቀና ሲል ሁሉም የሚያዩት እሱን ነው። ኬኩ፣ ይቅርታው፣ የዳማው ጨዋታ፣ ድንኳኑ ሁሉ በአንድ ጊዜ ትርጉም አገኘለት።

«የሞትኩት እኔ ነኝ እንዴ?» አለ።

ናሆም ተነሣ። ጃኬቱን አወለቀ፣ ሹራቡን አወለቀ፣ ሸሚዙን እስከ ትከሻው ጠቀለለ፤ በዚያ ብርድ። ክንዱ ላይ ምንም የለም። ከዚያ ሻምበልን ጠራው። ሻምበል እንግዳ ማለት ክሬም ማለት እንደሆነ ስለተማረ ጭራውን አቁሞ በመካከላቸው ገባ፣ ሄርሜላ እግር ሥር ተቀመጠ፣ አንገቱን ሲያዘነብል ልጥፏ ከማጅራቱ ላይ አብለጨለጨች።

መጀመሪያ የሳቀው ኢዮስያስ ነው፤ ወንበሩን ይዞ እስኪንበረከክ ሳቀ፤ ቀጥሎም የሦስቱ ጨዋታ ሽንፈት እንዲሰረዝለት ጠየቀ። ሄርሜላ ይቅርታዋን መልሳ እንደምትወስድ፣ ውኃውም ከዛሬ ጀምሮ እንደሚንጠባጠብ አስታወቀች፤ እንባዋን ግን መጥረግ አልቻለችም። ሶልያና ብቻ አልሳቀችም። ጆጉን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችና አባቷን አፍጥጣ አየችው።

«አሥራ አራት ቀን ቀረው ብለውኝ ነው የመጣሁት» አለች። «ሥራዬን ጥዬ።»

«ደህና ነኝ ብልሽ ትመጪ ነበር?»

ሶልያና ፊቷን በሁለት እጇ ሸፍና ተቀመጠች፣ ናሆምም አጠገቧ ተቀመጠ፤ አፍሮ ነበር። ለድመት ሲል ልጁን እንዳስለቀሰ ገብቶታል፤ ልጁ አጠገቡ በመሆኗ ደግሞ ደስ ብሎታል፤ ሁለቱም በአንድ ላይ ተሰማው። የፈለጉትን እንዲያደርጉት ነገራቸው። እሱን ቢከሱት ግድ የለውም። ነገር ግን እውነቱ ቢሮው ከደረሰ ሻምበል እስከ ማታ በሕይወት አይቆይም። በዚህ መካከል ሦስት ሰዓት ደረሰና በሩ የማረፊያውን መኪና መምጣት ተናገረ።

የገባው ሰው ናኦል ይባላል፤ አርባዎቹን ያጋመሰ፣ ጉንፋን የያዘው፣ ብዙ ቤት ሲዞር የኖረ ሠራተኛ። በሩን የከፈተለት ናሆም ነው። ናኦል ስሙን ጠየቀው፣ በእጁ የያዘውን የቅጽ ሰሌዳ አየ፣ መልሶ ሰውየውን አየ። የልብ ምቱ መቶ ሰማንያ የሆነ ሰው በር ሲከፍትለት ይህ የመጀመሪያው እንደሆነ ተናገረ። ከዚያ ዓይኑ ሶፋው ላይ ወደ ተጋደመው ድመት ሄደ፣ ማጅራቱ ላይ ትንሽ ቆየ፣ ወደ ሰሌዳው ተመለሰ። ቅጹ ስለ ድመት የሚጠይቀው ነገር አልነበረውም።

«የመጀመሪያው ጥያቄ» አለ አፍንጫውን ጠርጎ። «ለታማሚው ተነግሮታል ወይስ አልተነገረውም?»

ናኦል ይህን ዝምታ በየቤቱ ለምዶታልና ደንቡን አነበበላቸው። ያልተነገረው ሰው ከቤቱ አይነሣም። ቅርብ ሰዎቹ ገና አፋቸው እንቢ ካላቸው ሦስቱም «አልተነገረም» በሚለው ሥር ይፈርማሉ፤ በሳምንቱ ተመልሶ ይመጣል። ሦስቱም በአካል እዚሁ ቤት መገኘት አለባቸው፤ አንዱ ከጎደለ ግን ቢሮው ራሱ ይነግረዋል።

ሳሎኑ ውስጥ ያለ ሰው ሁሉ ማሰብ ጀመረ። ሄርሜላ ጉሮሮዋን ጠራርጋ፣ ከእነሱ አፍ እስከዚህች ደቂቃ አንድ ቃል እንዳልወጣ፣ ለዚህም ስምንት ምስክር እንዳለ ተናገረች፤ እውነቷን ነው። ፈረመች። ኢዮስያስ እንዲህ ያለ ነገር ለወዳጅ መንገር ምን ያህል ከባድ እንደሆነ ለናኦል በዝርዝር እያስረዳ፣ ናሆምን ትከሻውን እየደባበሰ ፈረመ። ሰሌዳው ሶልያና ጋር ደረሰ።

ሶልያና ብዕሩን ይዛ ቆየች። ሦስት ዓመት ሙሉ ከእነዚህ ሰዎች ጋር የተጣላችበት ነገር ይኸው በአንድ መስመር ተጽፎ ፊቷ ተቀምጧል። ናሆም አላያትም፤ እጁን ሻምበል ጀርባ ላይ አድርጎ ወለሉን ያያል። ድመቱ ያንኮራፋል።

«አልነገርነውም» አለች በመጨረሻ። ፈረመች።

ናኦል ሰሌዳውን አጣጠፈ። ለታማሚው ጣፋጭ ነገር እንዳይሰጡት መከራቸው፣ ወደ ሶፋው እያየ።

ከዚያ ወዲህ በየሐሙሱ ጠዋት ሦስቱ ሰዎች ይሰበሰባሉ፣ ናኦል ይመጣል፣ አፋችን እንቢ አለን ይሉታል፣ ይፈርማሉ። ትንበያው ዜሮ ገባ፤ በሚቀጥለው ቀን ከዜሮ በታች አንድ ሆነ። ማሽኑ ለዚህ የሚለው ነገር የለውምና ወደ ታች መቁጠሩን ቀጠለ። ኬክ በእድሩ ውሳኔ ታገደ። የሻምበል ቁጥር ወደ ሁለት መቶ፣ ከዚያም ወደ መቶ ስልሳዎቹ ወረደ፤ ሶፋው ላይ በአንድ ዝላይ ይወጣል። ሄርሜላ እንደ ቃሏ ውኃዋን ማንጠባጠብ ጀመረች። ሶልያና በየሳምንቱ ከሠመራ መመላለስ ስለማይሆንላት ሥራዋን ወደ ደብረ ብርሃን አዛወረች፣ የድሮ ክፍሏን አፀዳች፣ ጠዋት ጠዋት ጆሮ ማሞቁንም ተማረች። ነገርን ፊት ለፊት መናገር ላይ ያላት አቋም እንዳልተለወጠ ደጋግማ ትናገራለች፤ የሻምበል ጉዳይ ግን የተለየ ነው ትላለች።

በጥር ወር አንድ እሑድ ከምሳ በፊት ሶልያናና ናሆም በረንዳው ላይ ፀሐይ ይሞቁ ነበር። ሻምበልን ለክታው 164 ሆነ። ደስ አላትና በእጇ የቀረውን ስትሪፕ አንሥታ፣ እስኪ አንተን ደግሞ አለችው፤ ክንዱ ባዶ ከሆነ ግማሽ ዓመት አልፎታል፣ በዚያ ሁሉ ጊዜ የእሱን ደም ያነበበ የለም። ናሆም እየሳቀ ጣቱን ሰጣት። ከቁርስ ወዲህ ምንም አልቀመስኩም፣ ጥሩ ቁጥር ታያለሽ አላት። ወጋችው። አምስት ሰከንድ ቆጠሩ።

ሶልያና ቁጥሩን አየች። ቀና ሳትል ትንሽ ቆየች።

«ስንት ነው?» አለ ናሆም።

«ደህና ነው አባዬ» አለችው፤ መለኪያውን በፊቱ ደፍታ። ድምፅዋ ዝቅ ያለ ነበር። የጀርባውን ትራስ አስተካከለችለትና ሻይ ላፍላ ብላ ገባች። ወጥ ቤት ውስጥ ቧንቧው ተከፍቶ ብዙ ቆየ።

መለኪያው እጁ በሚደርስበት ቦታ ነው። ቁጥርን በራሱ ዓይን ካላየ የማያምነው ሰው ወደ እሱ እጁን ዘረጋ፣ ከዚያ መለሰው። ካየ ማወቁ ነው፤ ካወቀ ልጥፏ ወደ ክንዱ ትመለሳለች፤ ሻምበልም ያለ ኢንሱሊን ከነስኳሩ ይቀራል። ደግሞም ልጁ ደህና ነው ብላዋለች። አውቆ የተኛን ቢቀሰቅሱት አይሰማም ይባላል። ናሆም ዓይኑን ጨፍኖ ፊቱን ለፀሐይዋ ሰጠ።

ሶልያና ሻዩን ይዛ ተመለሰች። ዓይኗ ቀልቷል። ብርጭቆውን እጁ ላይ አስቀምጣ ፊት ለፊቱ ቆመች፣ እስኪቀምስ ድረስ አልተቀመጠችም። ናሆም ፉት አለላት። ስኳር የለውም። ቀና ብሎ አያት፣ ሌላ ፉት አለ፣ እስከ መጨረሻው ጠጣው።

«ዛሬ አጣፍጠሽዋል» አላት።